ዳኛዋ ምን አለች?

ባሌ ከፊልም ሌላ ሱስ የለበትም። አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ካርታ አይጫወትም። ይህን የሚሰሙ ሴቶች ሁሉ «ታድለሽ» ይሉኛል። የሚጠጣ ባል እኮ ቢያንስ ሲሰክር ይተኛል። የኔው ግን ካየ በኋላ ማውራት አለበት፣ ካወራ በኋላ መጻፍ አለበት፣ ከጻፈ በኋላ ደግሞ ማን እንዳነበበው ለማየት ስልኩን ትራሱ ሥር ሸጉጦ ይገላበጣል። ቀን ቀን የተበላሹ የውሃ ቆጣሪዎች ይጠግናል። ስለዚያ ሥራው ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ ሰው የሚጠይቀው ስለ ፊልም ነው።

ሲጽፍ ክፉ ነው። ፊት ለፊት ለዝንብ እንኳ ክፉ ቃል የማይወጣው ሰው፣ ጣቱ ስልኩ ላይ ሲያርፍ ምላሱ ይሳላል። ስለ አንድ የፍቅር ፊልም «ዋናው ተዋናይ ሲያለቅስ አፍንጫው ተሳትፏል፣ ዓይኑ ግን አልተጋበዘም» ብሎ ጻፈ። አንድ ቴአትር ላይ መጋረጃው መሃል መንገድ ላይ ተይዞ አልዘጋም ሲል፣ «ከመድረኩ ሁሉ የልቡን ያደረገው መጋረጃው ብቻ ነው» አለ። የሙዚቃ ዝግጅት ካየ ስለ ድምፃዊው ሁለት መስመር፣ ስለ ከበሮ መቺው ክርን አንድ ሙሉ ገጽ ይጽፋል። እኔ ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ እንኳ ሳነበው እስቅ ነበር። ይሁንና ለረጅም ጊዜ አንባቢዎቹ ዘመዶቹና የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም በይሉኝታ።

ሰው የበዛለት ልጃችንን ይዞ መሄድ ሲጀምር ነው። እኔ መነጽር ቤት ነው የምሠራው። ከሱቁ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሌንስ በፍሬሙ ልክ እየቆረጥኩ ጠርዙን እሞርዳለሁ። ቅዳሜ ገበያው ስለሚበረታ ማረፍ የለም፤ ስለዚህ ቅዳሜ ልጅቷ የአባቷ ነበረች። እሱ ደግሞ ሕፃን ይዞ ሌላ ቦታ የሚሄድ ሰው አይደለም። አንድ ቀን ለመርከብ መንገድ ስለሚያሳይ የመብራት ማማ ጠባቂ የሚተርክ፣ ሽልማት በሽልማት የሆነ ረጅም ፊልም ያያሉ። ሰውየው ይነሳል፣ መብራቱን ይጠርጋል፣ ባሕሩን ያያል፣ እንደገና መብራቱን ይጠርጋል። አዳራሹ በአክብሮት ጸጥ ባለበት ልጄ ጮክ ብላ፣ «አባዬ፣ ሰውዬው አጥፍቶት ለምን አይተኛም?» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባሌ ስለ ካሜራው አቀማመጥ ብዙ ከተፈላሰፈ በኋላ ያቺን ጥያቄ መጨረሻ ላይ ጣል አደረጋት። ሰው ፍልስፍናውን ትቶ ጥያቄዋን ይቀባበል ጀመር።

ከዚያ በኋላ ስሟ «ዳኛዋ» ሆነ። ዳኛዋ ፍርድ ሳትሰጥ ጽሑፍ አይወጣም። ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ዳኛዋ ምን አለች?» የሚል ነው። እሱም ሰው የወደደለትን ነገር አብዝቶ ይሰጥ ያዘ። የት እንደሚቀመጡ፦ በግራ በኩል፣ ከመተላለፊያው ዳር፣ አምስተኛው ረድፍ። ዳኛዋ ፊልም ሲጀምር የቀኝ ጫማዋን አውልቃ እግሯ ላይ እንደምትቀመጥ። አንድ ጊዜ ያ ጫማ ወንበር ሥር ጠፍቶ እሱ በጉልበቱ እየዳኸ «ቁጥር ሃያ ስምንት ጫማ ያየ» እያለ ሰው ሲያስቸግር እንደነበር። መታጠቢያ ቤት ያለውን እጅ ማድረቂያ ማሽን እንደምትፈራ። ሰው ሲሞት ሳይሆን ውሻ ሲሞት እንደምታለቅስ። የገዛ መነጽሩን ሳይቀር ጽፏል፤ ያ ወፍራም አረንጓዴ ፍሬም፣ ዳኛዋ ተቀምጣበት የግራ ዘንጉ እንደተጣመመና እንዳይቀናም እንደከለከለች።

«ፓስታው» የሚሉት የምስጢር ቃላቸውም የመጣው እንዲህ ነው። አንዴ «ለመላው ቤተሰብ» የተባለ ፊልም መሃል ላይ ሰው ሊሰቅሉ ሲዘጋጁ ልጅቷን ይዞ ሊወጣ ተነሳ። እሷ ለምን እንደሚወጡ፣ ሰውየው ምን እንዳደረገ፣ ገመዱ ለምን እንደሆነ ካልተነገራት ንቅንቅ አልል አለች። ረድፉ ሁሉ ተቆጣ። ቤት ሲመለሱ ተስማሙ። አባቷ በጆሮዋ «ፓስታው እያረረ ነው» ካላት ወዲያው ትነሳለች፣ እጁን ትይዛለች፣ ትወጣለች። ውጪ እስኪወጡ ድረስ ጥያቄ የለም። ቃሉን የመረጡት እሱ ስለ አንድ ፊልም ከኔ ጋር ሲከራከር ያሳረረውን እራት በማስታወስ ነው። ሳሎን ውስጥ ተለማመዱት። እሷ ቴሌቪዥን እያየች ትቀመጣለች፣ እሱ ከኋላ ይመጣና በጆሮዋ ይላታል፣ እሷም ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል ብድግ ብላ እጇን ትዘረጋለች። ወታደር አያደርገውም። ብልሃቱን እኔ ራሴ አድንቄ ነበር።

እሱ ደግሞ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው፣ ጻፈው። መጻፍ ብቻ አይደለም፣ መለኪያው አደረገው። ሌላው ሃያሲ ለፊልም ኮከብ ሲሰጥ እሱ «ፓስታው አላረረም»፣ «ፓስታው ያዝ አድርጎታል»፣ «ፓስታው አረረ» ይል ጀመር። ሰው ወደደው። ወጣቶች በየካፌው መጥፎ ፊልም ሲያነሱ «ኧረ ያረረ ፓስታ» እያሉ ይሳሳቁ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ልጄን ከጨለማ የሚያወጣው ቃል በማላውቀው ሰው ሁሉ አፍ ውስጥ ገባ።

መንገድ ላይ «ዳኛዋ» እያሉ ጉንጯን የሚነኩ ሰዎች በዙ። ባሌ በዚያን ጊዜ ትከሻው ሰፋ፣ አረማመዱ ተለወጠ። እኔ አልወደድኩትም፤ ግን ደስታ ያልለመደ ሰው ደስ ሲለው እንዴት አቁም ይሉታል? አንድ ቅዳሜ ከአንድ የኦርኬስትራ ዝግጅት ተመልሰው እራት ስንበላ በደስታ አጫወተኝ። ዳኛዋ ትልልቆቹን የነሐስ ሳህኖች የሚያጋጨውን ሰው ትፈራለች፤ እሱንም ጽፎታል። ያን ቀን ሳህን አጋጪው ከወንበሩ ሲነሳ ከኋላቸው የተቀመጠ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ለልጅቷ ሁለት ድብልብል ጥጥ አቀበላት። ጆሮዋን ደፈነች፣ ሳትደነግጥ ቀረች።

ሰውየው ማን እንደሆነ ጠየቅኩት። አንባቢ ነው አለኝ። ስሙንስ ስለው አልጠየቅኩትም አለ። ጥጡን ከየት አመጣው ስለው፣ ከኪሱ ነዋ አለኝ፤ ይሄም ይጠየቃል በሚል ዓይን እያየኝ። ሹካዬን አስቀመጥኩ። ሰው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ለሌላ ሰው ልጅ ጥጥ አድበልብሎ ኪሱ ይከታል? ባሌ ደግነት ነው አለ። ደግነት መሆኑ አልጠፋኝም፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ጥጥ ከሐሳቤ አልወጣም።

ብዙም ሳይቆይ ባለሱቁ አንድ ትእዛዝ ይዘውልኝ ወደ ጓዳ ገቡ። ጋሼ ያረጀ ዕቃ ሲሸጥላቸው እንደ ልጅ ነው የሚደሰቱት። ከመሳቢያ ሥር አቧራ ሲጠጣ የኖረ ፍሬም ነው፤ ወፍራም አረንጓዴ፣ የባሌ አምሳያ። ከእንግዲህ የማይመረት ስለሆነ የቀረን እሱ ብቻ ነበር። ደንበኛው ፍሬሙን ሳያየው በቃል ገልጾ ነው የጠየቀው አሉኝ። የዓይኑ ቁጥር ስንት ነው ስላቸው፣ ምንም ቁጥር የለውም፣ ዝም ብሎ መስታወት ይግባበት ብሏል አሉ። ለጌጥ የሚያደርግ ሰው ሞልቷል። ሁለቱን መስታወት ቆርጬ፣ ሞርጄ፣ ገጥሜ ስጨርስ ጋሼ እንደ ቀላል ነገር ጨመሩልኝ። የግራ ዘንጉ ትንሽ ወደ ውስጥ ይጠምዘዝልኝ ብሏል።

እጄ ላይ የነበረው መነጽር ከበደኝ። አልጠመዝዝም አልኳቸው። ጋሼ ምን ነካት ብለው አዩኝና ራሳቸው ዘንጉን ፍሬም በምናሞቅበት አሸዋ ውስጥ ከተው አለስልሰው ጠመዘዙት። ሰውየው ሊወስድ ሲመጣ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ አየሁት። ቁመቱ የባሌን ያህላል። ፂሙን በወጉ የተላጨ፣ የሸሚዙ ኮሌታ የነጣ፣ ሰላምታው የረጋ ሰው ነው፤ ሴት ልጅ ቢጠይቀኝ የምድርለት ዓይነት። መነጽሩን አደረገ። መስታወት ፊት ግን ፊቱን አላየም። ጎኑን ሰጥቶ ቆመና ጋሼን «ከጎን ሲታይ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቃቸው።

ፊልም ቤት አጠገብህ የተቀመጠን ሰው የምታየው ከጎን ነው። ይህን ሳስብ መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። «ዓይንዎ ጤነኛ ነው፤ ለምን አስፈለገዎት?» አልኩት።

«ለፊልም ነው» አለ በትሕትና።

«ፊልም ይሠራሉ?»

«የለም፣ አያለሁ እንጂ።» አመስግኖኝ ወጣ። ሲወጣ በሩን ድምፅ እንዳያሰማ አድርጎ ዘጋው።

ያን ቀን ማታ ለባሌ ዘርዝሬ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ተቆጣ፤ ላንቺ ሰው ሁሉ ሌባ ነው፣ ሰውየው አድናቂ ነው፣ አድናቂ ደግሞ የሚወደውን ይመስላል አለ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ልጅቷን ከጽሑፍህ አውጣት፣ ቃሉን ቀይሩት፣ የት እንደምትሄዱ አስቀድመህ አትለፍፍ አልኩት። ስልኩን በእጁ አገላበጠ። ከዚያ ዓይኔን ሳያይ «እሷ ከሌለች እኔን ማን ያነበኛል?» አለ። አንጀቴን በላው፤ እውነቱን ለመጀመሪያ ጊዜ መናገሩ ነበር። በመጨረሻ እሺ አለ። ግን ቃሉን በአንዴ ብንለውጠው ልጅቷ ትደነግጣለች፣ ቀስ ብለን እንነግራታለን አለኝ። የቅዳሜውን ቴአትር ደግሞ አስቀድሞ ጽፎታል፤ «ቅዳሜ ከሰዓት ከዳኛዋ ጋር እዚያው ነን» ብሎ። አጥፋው ስለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ለፖሊስ ልንገር ብዬ አሰብኩ፤ ምን ብዬ ነው የምከሰው? መነጽር ገዛ ብዬ?

ልጅቷን ለብቻዋ ይዤ ከማታውቂው ሰው ጋር እንዳትሄጂ አልኳት። እሺ አለችኝ። ትንሽ አሰበችና «ግን እኮ እማዬ፣ ሁሉም ያውቁኛል» አለች።

ቅዳሜ ከጋሼ ፈቃድ ወስጄ አብሬያቸው ሄድኩ። በስንት ዓመቴ ቴአትር ቤት መግባቴ ነው። ባሌ ከመተላለፊያው ዳር፣ ልጅቷ መሃል፣ እኔ በዚያኛው ጎኗ ተቀመጥን። መብራት እስኪጠፋ ድረስ አንገቴን እያዞርኩ የሰው ዓይን ላይ ያለውን መነጽር ሁሉ ለቀምኩ። አረንጓዴ የለም። ቴአትሩ ስለ አንዲት የሆቴል አልጋ አንጣፊ ነበር፤ እንግዶች ጥለውት የሚሄዱትን ዕቃ እያነሳች ለባለቤቶቹ ሕይወት ትፈጥርላቸዋለች፣ ከመድረኩ ሥር ያሉት ሙዚቀኞች ደግሞ ያንን ሕይወት ይጫወቱላታል። ሳላስበው ወደድኩት። ልጄም የቀኝ እግሯ ላይ ተቀምጣ አፏን ከፍታ ታያለች። ለዚህ ነው ለካ ባሌ የሚያብደው፣ ብዬ አሰብኩ።

ከዕረፍት በኋላ መብራት ሲጠፋ ባሌ ተነሳ። ልማዱ ነው፣ ጽፎታልም፤ ድምፅ የሚፈተነው ከኋላ ነው ይላል፣ ሁለተኛውን ክፍል ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነው የሚጀምረው። ክንዱን ያዝኩት። «አሁን መጣሁ» ብሎ ቀስ አድርጎ እጄን አላቀቀ። ሙዚቃው ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ መጥቶ ወንበሩ ላይ ቁጭ ሲል በዓይኔ ጥግ አየሁት፤ ወፍራሙ ፍሬም፣ ወደ ውስጥ የገባው ዘንግ። ልቤ አረፈ። ወደ መድረኩ ተመለስኩ።

ጎንበስ ብሎ በልጅቷ ጆሮ አንድ ነገር አላት። ብድግ አለች፣ እጁን ያዘች፣ ሄዱ። እኔም ተናደድኩ። ገና እኔ ወደድኩት ስል እሱ ደግሞ አልጣመውም፣ ፓስታው አረረበት ብዬ ነው የተናደድኩት። ኮቴን ለበስኩ፣ ቦርሳዬን ፈለግኩ፣ ወንበር ሥር በእጄ ዳብሼ የቀኝ ጫማዋን አገኘሁ። አልቸኮልኩም። እንዲያውም አልጋ አንጣፊዋ አንድ የወንድ ኮፍያ አንስታ የምትለውን ልስማ ብዬ ቆየሁ። የሰማሁትን አሁንም አልረሳሁትም፤ ምነው ባልሰማሁት።

ልነሳ ስል ባሌ በመተላለፊያው መጥቶ አጠገቤ ባለው ወንበር ተቀመጠ። «ከኋላ ድምፁ ግሩም ነው» አለኝ በሹክሹክታ። «ልጅቷስ?»

ክው አልኩ። እሱን ገፍቼ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። በሩ ላይ የቆመችው አስተናጋጅ አባቷ ይዟት ወጣ አለችኝ፣ ፈገግ ብላ፤ እሷም ዳኛዋን ታውቃታለች። ውጪ ቀን ነው፣ ፀሐይ ነው፣ ሰው ይተላለፋል፣ ታክሲ ይጣራል። አዳራሹን በሚያዋስነው ረጅም አጥር ሥር፣ መኪና ከሚቆምበት ጥግ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት አየኋት። ሰውየው እግሯ ሥር ተንበርክኳል። በአንድ ጫማ እያነከሰች ስለሆነ ቀኝ እግሯን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ አዲስ ቀይ የሸራ ጫማ እያደረገላት ነበር። ከኪሱ ያወጣው መሆን አለበት። ልኳ ነው። ክሩን ሸብ አድርጎ ሲያስር እሷ ሚዛኗን ለመጠበቅ ትከሻውን ይዛለች።

እኔ የደረስኩት ለዚያች የጫማ ክር ብሎ ስለቆየ ብቻ ነው። ክንዷን ይዤ ወደኔ ሳብኳት። ሰውየው አልሮጠም። ቀስ ብሎ ተነሳ፣ የሱሪውን ጉልበት በእጁ አራገፈ።

«በደንብ ነው ያሳደጋችኋት» አለኝ። «አንዴም አልጠየቀችኝም።»

ባሌ እያለከለከ ደረሰ። ሁለቱ ፊት ለፊት ቆሙ፤ ተመሳሳይ መነጽር፣ ተመሳሳይ ቁመት። ሰውየው ለባሌ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጽሑፍዎ አንድም አላመለጠኝም አለው፣ ባደባባይ ደራሲ እንዳገኘ ሰው። ከዚያ ጥጉን ዞሮ ሄደ። ባሌ አልተከተለውም። በኋላ ጉልበቴ ከዳኝ አለኝ፤ እኔም ጉልበቱ ነው ብዬ ለማመን ብዙ ሞክሬአለሁ። የቴአትር ቤቱ ጥበቃ ዱላውን ይዞ የመጣው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ፖሊስ ጣቢያ መልኩን ተናገሩ ሲሉን ቁመቱን፣ ኮሌታውን፣ አረንጓዴውን መነጽር ነገርናቸው። የሚጽፈው ፖሊስ ቀና ብሎ ባሌን አየው። ሰው ካልተጎዳ፣ ንብረት ካልጠፋ እንግዲህ እናጣራለን ብለው ሸኙን።

ቤት ገብተን ልጅቷን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ሰውየው አባዬ እንዳልሆነ አላወቅሽም ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«በሩ ጋ ብርሃን ስናገኝ አወቅኩ።»

«ታዲያ ለምን አብረሽው ሄድሽ?»

«ፓስታው እያረረ ነው አለኛ» አለች፤ ይሄን አለማወቄ ገርሟት። «ውጪ ሳይወጡ አይጠየቅም።»

«ውጪ ወጥታችሁ ነበር እኮ።»

«ጫማዬን አድርጎልኝ ሲጨርስ ልጠይቀው ነበር።»

ባሌ ይህን ሲሰማ ከክፍሉ ወጣ። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውሃውን ለቀቀው፤ ሲያለቅስ እንዳንሰማው ነው። የዚያኑ ቀን የጻፈውን ሁሉ አጠፋ፣ የመብራት ማማውን ጠባቂ፣ መጋረጃውን፣ የከበሮ መቺውን ክርን፣ ሁሉን። ቢያጠፋስ? ያነበበ አንብቧል። መነጽሩን ከዓይኑ ላይ አንስቼ መሬት ላይ ጣልኩና በጫማዬ ረገጥኩት። ስብርባሪውን ጎንበስ ብሎ ራሱ ለቀመ። በማግስቱ ቀጭን ጥቁር ፍሬም ሠራሁለት። መንገድ ላይ ሰው «ዳኛዋ ምን አለች?» ሲለው ሰላም ሳይል ያልፍ ጀመር፤ ኩሩ ሆነ እያሉ አሙት።

ልጅቷን ደግሞ እንደገና አስተማርኳት። አሁን ምንም ቃል የለም፣ ምልክት የለም። ማንም ምንም ቢልሽ፣ የሚያውቅሽ ቢሆን፣ እኔ ልኬው ቢሆን እንኳ፣ ፊቴን በዓይንሽ ካላየሽ ከማንም ጋር አትሄጂም አልኳት። «ከአባዬስ?» አለችኝ። ባሌ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። እሱን ሳላይ፣ ከማንም አልኳት። ሳሎን ውስጥ አለማመድኳት፤ አባቷን ራሱን «ነይ እንሂድ» በላት ብዬ ላክሁባት፣ እሷም የሶፋውን እጀታ ይዛ እምቢ አለች። ቶሎ ነው የምትማረው። እሱ እየሳቀ ነበር የተጫወተው፤ ሳቁ ግን ዓይኑ ድረስ አልሄደም።

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት የምወስዳት እኔ ብቻ ሆንኩ። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ሥራ ተቆልሎብኝ መውጣት አቃተኝና ባሌን ደውዬ ውሰዳት አልኩት። አባቷ አይደል? ሌላ ማንን እልካለሁ? ብዙም ሳይቆይ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ደወሉ። አባቷ ነኝ የሚሉ ሰው መጥተዋል፣ ልጅቷ ግን አልሄድም ብላለች፣ ይምጡ አሉኝ። ሽርጤን ሳላወልቅ ሮጥኩ።

ልጄ የበሩን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች። ዘበኛው ከፊቷ፣ ባሌ መታወቂያውን ዘርግቶ ከውጪ። ላቡ በፊቱ ይወርዳል። ልጆቻቸውን ሊወስዱ የመጡ እናቶች ከበውት ያዩታል፤ አንዷ ስልኳን አውጥታ ትቀርፀዋለች። «ንገሪያቸው እንጂ የኔ እናት» ይላታል። ልጄ እሱን እንደ ግድግዳ ታየዋለች። እኔን ስታይ ብረቱን ለቀቀች።

አባቷ መሆኑን ለዘበኛው ነገርኳቸው። ደግ ሽማግሌ ናቸው፣ ተጨነቁ። «ይቅርታ እትዬ» አሉ። «ትናንትናም እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት አባቷ ነኝ ያሉ ሰው መጥተው እንዲሁ እምቢ ብላቸው ነበር። እሳቸው አልተጨቃጨቁም። ጥሩ ተምረሻል ብለው ራሷን ዳብሰው ሄዱ። በእውነት አባቷ ስለመሰሉኝ ነው ለርስዎ ያልነገርኩዎት።»

ባሌ መታወቂያውን የያዘው እጁ ወረደ። ከልጄ ፊት ተቀመጥኩና ትናንት ሰው እንደመጣ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

«አልሄድኩማ» አለችኝ። «ከሁለቱም አልሄድኩም።»

ቦርሳዋን ተቀበልኳት፣ እጇን ያዝኩና መንገድ ጀመርን። ባሌ ከጎኗ ሊሆን ተጠጋ፤ እሷ ወደኔ ተሸጎጠች። ሁለተኛ አልሞከረም። ራቅ ብሎ ከኋላችን መጣ፣ እሷም እስክንገባ ድረስ በየጥቂት እርምጃው ዞር እያለች ምን ያህል እንደቀረበ ታይ ነበር።